«ዕቃዬ አልደረሰም» ያለ ደንበኛ ሲገጥማችሁ፦ ከባሕር ዳር ለምትልኩ

ባሕር ዳር ላይ ጋቢ፣ ነጠላና ከደንገል የተሠሩ ትንንሽ ታንኳዎች እሸጣለሁ። ሱቅ የለኝም። ቴሌግራም ላይ ፎቶ እለጥፋለሁ፤ ሰው ያዛል፣ ይከፍላል፣ እልካለሁ። ሁሉም ነገር ደህና ሆኖ ይሰነብትና አንድ ቀን ጠዋት ስልኬን ስከፍት «ሰላም፣ ዕቃው እስካሁን አልመጣም» የሚል መልእክት ይጠብቀኛል። ያን ቀን ቡናው አይጣፍጠኝም።

መጀመሪያ ሰሞን ይህ መልእክት ሲመጣ ሁለት ነገር ብቻ ነበር የሚታየኝ። ወይ ገዢዋ ዋሽታለች፣ ወይ ዕቃውን መንገድ ላይ በልተውታል። አሁን እንደዚያ አላስብም። «አልደረሰም» ብዙ ነገር ማለት ነው። «ዘበኛው ተቀብሎ ረስቶታል» ሊሆን ይችላል። «ወረቀት መጥቶልኛል፣ ፖስታ ቤት ለመሄድ ግን ጊዜ አላገኘሁም» ሊሆን ይችላል። ጉምሩክ ይዞት ይሆናል። ወይም ለጥምቀት ፈልጋው ጥምቀት አልፏል። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» በሚባልበት አገር ጥር 14 የደረሰ ቀሚስ እንዳልደረሰ ነው የሚቆጠረው። በእርግጥ የጠፋ ዕቃም አለ፤ ግን እኔ እንዳየሁት ከሁሉ ጥቂቱ እሱ ነው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው የትኛው «አልደረሰም» እንደሆነ ከመለየት ነው። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እሄዳለሁ።

1. በዚያው ቀን መልስ ስጡ

መልስ ማለት ገንዘብ መመለስ ማለት አይደለም። ዝም ማለት ግን አይሆንም። ገዢ አንድ ቀን ዝም ከተባለ «ተበላሁ» ማለት ይጀምራል፤ በሦስተኛው ቀን ለጓደኞቹ አውርቶ ጨርሷል። እኔ እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦

«ጤና ይስጥልኝ እህቴ። መልእክትዎ ደርሶኛል። ዕቃውን የላክሁት ኅዳር 12 ቀን ነው፤ የደረሰኙ ፎቶ ይኸው። ዛሬ መከታተል ጀምሬያለሁ፤ እስከ ሐሙስ ማታ ያገኘሁትን እነግርዎታለሁ። እስከዚያ ሦስት ነገር ይንገሩኝ። መታወቂያዎ ላይ ያለው ስም እንዴት ነው የተጻፈው? በሰጡኝ አድራሻ እርስዎ በሌሉበት ዕቃ የሚቀበል ሰው አለ? የፖስታ ሣጥኑ የራስዎ ነው ወይስ የመሥሪያ ቤት?»

ሦስቱ ጥያቄዎች እንዲሁ የተጠየቁ አይደሉም። እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጋቢ አስመልሰውልኛል፤ ወደ ኋላ እመጣባቸዋለሁ።

በዚህ መልእክት ውስጥ ሁለት ነገር የለም። «እርግጠኛ ነዎት?» የሚል ጥያቄ የለም፤ ሰውን ውሸታም ነህ ማለት ነውና። «ችግር የለም፣ ብሩን እመልሳለሁ» የሚልም የለም። እሱን አንዴ ካላችሁ በኋላ ዕቃው ቢገኝ እንኳ ገዢው ሊወስደው አይፈልግም።

ሐሙስ ካላችሁ ሐሙስ ጻፉ። ምንም ባታገኙም «እስካሁን ምንም አላገኘሁም፣ ሰኞ እንደገና ፖስታ ቤት እሄዳለሁ» በሉ።

2. ደረሰኙን አውጡና ቁጥሩን አጣሩ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ፖስታ ቤት የሚሰጣችሁ ትንሽ ወረቀት ላይ የተላከበት ቀን፣ ክብደቱ፣ የተከፈለው ገንዘብና የመከታተያ ቁጥሩ አለ። ወረቀቱ ከሌለ ጥያቄ ማቅረብ ከባድ ነው። እኔ ገና መስኮቱ ላይ እንደቆምኩ ፎቶ አነሳዋለሁ፤ የደረሰኝ ቀለም ፀሐይ ካየ በጥቂት ወራት ይደበዝዛል።

አሁን ወደ ቁጥሩ። በአደራ (ተመዝግቦ) ወይም በኢኤምኤስ (በፈጣን ፖስታ) ወደ ውጭ የተላከ ዕቃ ቁጥሩ 13 ፊደልና አኃዝ ነው። ሁለት የላቲን ፊደል ከፊት፣ ዘጠኝ አኃዝ መሐል፣ ሁለት ፊደል ከኋላ። ከኢትዮጵያ የተላከ ከሆነ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደሎች ኢ እና ቲ ናቸው። የፊቶቹ የአገልግሎቱን ዓይነት ይናገራሉ፤ አር የሚጀምር የአደራ ደብዳቤ፣ ሲ የሚጀምር ጥቅል፣ ኢ የሚጀምር ኢኤምኤስ ነው።

ገዢዋ ቁጥሩን አስገብታ «የለም ይለኛል» ካለቻችሁ፣ ዕቃው ጠፍቷል ከማለታችሁ በፊት ቁጥሩ በትክክል መገልበጡን አረጋግጡ። በእጅ ጽሑፍ 1 እና 7 መንታ ናቸው። ደግነቱ ቁጥሩ ራሱን የሚያጣራበት መንገድ አለው። ዘጠነኛው አኃዝ ከስምንቱ ተሰልቶ የሚወጣ ነው። ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ።

ቁጥሩ 205173462 ነው እንበል። የመጀመሪያዎቹን ስምንት አኃዞች በቅደም ተከተል በ8፣ በ6፣ በ4፣ በ2፣ በ3፣ በ5፣ በ9 እና በ7 አባዙ። 16፣ 0፣ 20፣ 2፣ 21፣ 15፣ 36 እና 42 ይወጣል። ድምሩ 152 ነው። 152 ለ11 ሲካፈል 9 ይተርፋል። ቀሪውን ከ11 ቀንሱ፤ 2 ይሆናል። የመጨረሻው አኃዝም 2 ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ልክ ነው። መጨረሻ ላይ 10 ከመጣ አኃዙ 0 መሆን አለበት፣ 11 ከመጣ ደግሞ 5።

አሁን ሰባቱን አንድ ብላችሁ አንብቡት እንበል፤ 205113462። ድምሩ 134 ይሆናል፣ ቀሪው 2፣ ከ11 ሲቀነስ 9። መጨረሻው ግን 2 ነው። አልገጠመም፤ ስለዚህ የተሳሳተው የእናንተ ንባብ ነው። ፖስታ ቤት ድረስ ባጃጅ ሳትይዙ አወቃችሁ ማለት ነው።

3. ቀኑንና ሰዓቱን ወደ አንድ አገር አምጡ

የመከታተያው ገጽ የሚያሳየው የፈረንጅ ቀንና የፈረንጅ ሰዓት ነው። እኛ የምንቆጥረው በራሳችን ነው። እዚህ ላይ አንድ ጊዜ በጣም አፍሬያለሁ።

ሜሪላንድ ያለች ደንበኛዬ ነጠላ አዛ ነበር። ገጹ ዕቃው «2፡15» ላይ ተሰጥቷል ይላል። እኔ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተሩብ ብዬ አነበብኩት። እሷ ደግሞ «በዚያ ቀን ጠዋት ሙሉ ቤት ነበርኩ፣ ማንም አልመጣም» አለች። እኔም ትንሽ ጠንከር ያለ መልስ ጻፍኩላት። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ስክሪኑን አየና «ይሄ እኮ ከሰዓት ነው፣ በኛ ስምንት ሰዓት ተሩብ» አለኝ። ከሰዓት እሷ ሥራ ገብታለች። ጥቅሉን የተቀበለችው ጎረቤቷ ነበረች። ይቅርታ ጠየቅሁ። እግዜር ይስጣት፣ አሁንም ደንበኛዬ ናት።

ስለዚህ ለገዢ ስትጽፉ «በእናንተ አቆጣጠር ኅዳር 21፣ በኛ ኅዳር 12» ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ኅዳር ኅዳር ነው ብሎ ነገሩን የሚያደባልቅ ሰው ብዙ ነው።

4. ዕቃው ገዢው ዘንድ ተኝቶ እንደሆነ ፈልጉ

ሦስቱ ጥያቄዎች የሚሠሩት እዚህ ነው።

ስም። ደንበኞቻችን ቴሌግራም ላይ «ሜሪ»፣ «ማሚ»፣ «የአቤል እናት» ናቸው። መታወቂያቸው ላይ ሌላ ናቸው። ጥቅሉ ላይ «ሜሪ» ብላችሁ ከጻፋችሁ የፖስታ ቤቱ ሠራተኛ መታወቂያ አይቶ «ይሄ የእርስዎ አይደለም» ይላል። ትክክል ነው። ገዢዋ ተመልሳ ትሄድና «አልሰጥ አሉኝ» ከማለት ይልቅ «አልደረሰም» ትላለች። የላቲን አጻጻፍም ያስቸግራል። ፅጌ የሚለውን ስም አራት ሰው አራት ዓይነት ይጽፈዋል። ከመላካችሁ በፊት የመታወቂያውን አጻጻፍ ብቻ ላኩልኝ በሉ። የመታወቂያውን ፎቶ አትጠይቁ፣ አያስፈልጋችሁም።

የፖስታ ሣጥን። አገር ውስጥ ብዙ አድራሻ አሁንም በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነው። ብዙው ሣጥን ደግሞ የመሥሪያ ቤት ነው። ሣጥኑ ውስጥ የሚገባው ጥቅሉ ሳይሆን «መጥታችሁ ውሰዱ» የሚል ትንሽ ወረቀት ነው። ወረቀቱን የሚያወጣው ተላላኪው ነው። ተላላኪው ለጸሐፊዋ ይሰጣል፤ ጸሐፊዋ መሳቢያ ውስጥ ታስቀምጣለች። አዲስ አበባ የሚሠሩ አንድ አባት ያዘዙት ጋቢ አንድ ወር ሙሉ ጠፍቶብኝ ነበር። «ጋሼ፣ እባክዎ የመዝገብ ቤቷን ልጅ ይጠይቁልኝ» አልኳቸው። በማግስቱ ደወሉ። ወረቀቱ መሳቢያዋ ውስጥ ነበር። እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን ለመሳቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

ተቀባይ። ዘበኛ፣ አከራይ፣ የቤት ሠራተኛ፣ የሕንፃ ጥበቃ። ገዢው «ጠይቄያለሁ» ካለ «ማንን?» በሉ፤ በለሰለሰ ቃል። ብዙ ጊዜ የቀኑን ዘበኛ ጠይቆ የማታውን ረስቶ ይሆናል።

ገጹ «ተሰጥቷል» የሚል ከሆነና ገዢው በፍጹም ካለ፣ ፖስታ ቤቱ የፈረመውን ሰው ስም እንዲያጣራላችሁ ጠይቁ። ስሙ ከመጣ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያልቃል። «አይ፣ እሱ እኮ የባለቤቴ ወንድም ነው» ይባላል።

5. በአውቶቡስ የላካችሁት ከሆነ

ይህ ሌላ ዓለም ነው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብዙዎቻችን ፖስታ ከመጠበቅ «በመኪና ላኪልኝ» እንባላለን። ፈጣን ነው። ወረቀት ግን የለም፣ ወይም ያለው ስም ብቻ የተጻፈበት ብጣሽ ነው።

በመኪና የጠፋ ዕቃ የሚገኘው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ከዚያ በኋላ መኪናው ሁለት ሦስቴ ተመላልሷል፣ ረዳቱም ተቀይሯል። ስለዚህ መኪናው ገና መናኸሪያ እንዳለ የታርጋ ቁጥሩን፣ የረዳቱን ስልክና የጥቅሉን ፎቶ ለገዢው ላኩ። ገዢው «አልደረሰም» ሲል መጀመሪያ የምትደውሉት ለረዳቱ ነው። «ወንድሜ፣ ትናንት በቢጫ ማዳበሪያ የተጠቀለለ የሰጠሁህ» በሉት። ቀለሙን ካልነገራችሁት አያስታውስም። እኔ ቢጫ ማዳበሪያ የምጠቀመው ለዚህ ነው፤ ሠላሳ ጥቁር ፌስታል መሐል ቢጫ ይታያል።

ገዢው ዘግይቶ መናኸሪያ ከደረሰ፣ ረዳቱ ዕቃውን እዚያው ሱቅ አስቀምጦ ሊሄድ ይችላል። የትኛው ሱቅ እንደሆነ ጠይቁት። መንገድ በተዘጋ ሰሞን ደግሞ መኪናው ደብረ ማርቆስ ወይም ደጀን አድሮ ይሆናል። ያን ጊዜ ለገዢው እውነቱን ንገሩት፤ እሱም ዜና ይሰማል።

ወደ ደቅ ደሴት ወይም ጣና ዳር ወዳሉ ከተሞች በጀልባ የምትልኩም ነገሩ ያው ነው። ልዩነቱ ጀልባ የሚመጣበት ቀን የታወቀ መሆኑ ነው፤ ተቀባዩ ወደቡ ላይ ከሌለ ዕቃው በመጣበት ጀልባ ይመለሳል። እዚህ ባሕር ዳር መጠየቅን አትርሱ።

6. በፖስታ ለጠፋ ዕቃ ጥያቄ አስገቡ

እስካሁን ካልተገኘ የማፈላለግ ጥያቄ ማስገባት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ገዢው አይደለም። ብዙ ገዢ ይህን ስለማያውቅ በራሱ አገር ፖስታ ቤት ይመላለሳል፤ «ላኪው ይጠይቅ» ይሉታል። ውሉ በላኪውና በላከው ፖስታ ቤት መካከል ስለሆነ ነው። ካሳም ካለ መብቱ የላኪ ነው፤ ላኪው በጽሑፍ ለተቀባዩ ካልለቀቀለት በስተቀር።

ኢትዮጵያ የዓለም ፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው። ለእኛ ጥቅሙ ይኸ ነው፦ ባሕር ዳር ያስገባችሁት ጥያቄ በተቀባዩ አገር ያለውን ፖስታ ቤት መልስ እንዲሰጥ ያስገድደዋል። ለአደራ ደብዳቤና ለጥቅል ጥያቄ የሚቀበሉት ዕቃው ከተላከበት ማግስት ጀምሮ እስከ 6 ወር ድረስ ነው። ስድስት ወሩን በፈረንጅ ቁጠሩት። ደግሞ መጨረሻው ሳምንት ላይ አትሂዱ።

ይዛችሁ የምትሄዱት፦ ዋናው ደረሰኝና ፎቶ ኮፒው፣ መታወቂያ፣ የጉምሩክ መግለጫው ቅጂ፣ የጥቅሉ ፎቶ፣ የተቀባዩ ሙሉ ስምና ስልክ፣ ዋጋውን የሚያሳይ ማስረጃ። ለውጭ አገር ዕቃ የሚሞላው ቅጽ ሲኤን 08 ይባላል። ስሙን ጠርታችሁ ብትጠይቁ አይከፋም። ሠራተኛው «በቃ ይጠብቁ» ካላችሁ «ቅጹን ልሙላና እጠብቃለሁ» በሉ። የገባበትን ቀንና የተቀበለውን ሰው ስም ደብተራችሁ ላይ ጻፉ።

ደብተር ያልኩት በልምድ ነው። አንድ ጊዜ አንድ መስኮት ላይ የሰጠሁት ወረቀት ራሱ ጠፋ። የፍለጋው ወረቀት ሌላ ፍለጋ አስፈለገው። ከዚያ በኋላ ቅጂ ሳላስቀር ምንም ነገር ለማንም አልሰጥም።

ካሳን በተመለከተ ብዙ አትጠብቁ። ያለ አደራ የተላከ ተራ ደብዳቤ ካሳ የለውም። ለጥቅል የሚከፈለውም ወሰን አለው። ገዢዋ «ቀረጥ እንዳይበዛብኝ ዋጋውን ቀንሰሽ ጻፊልኝ፣ ስጦታ በይው» ብላችሁ እሺ ካላችሁ ደግሞ፣ ያ የቀነሳችሁት ዋጋ ዕቃው ሲጠፋ ይመጣባችኋል። መግለጫው ላይ አምስት ዶላር ያለ ሰው ሃምሳ ዶላር ብሎ መከራከር አይችልም። እኔ አሁን እሺ አልልም። ሁለት ደንበኛ አጥቼበታለሁ፣ ይሁን።

7. ገንዘቡ

የፖስታ ቤቱ መልስ ወራት ሊወስድ ይችላል። ገዢውን እስከዚያ ማስጠበቅ ተገቢ አይመስለኝም። የእኔ ልክ ይህ ነው፦ በመኪና 5 ቀን፣ በአገር ውስጥ ፖስታ 15 ቀን፣ ወደ ውጭ 45 ቀን። ይህ ካለፈና ከላይ ያለውን ሁሉ ካየሁ በኋላ ዕቃው ካልተገኘ ኪሳራው የእኔ ነው። ይህንን ሳይከፍሉ በፊት እነግራቸዋለሁ። እናንተ ሌላ ልክ ልታወጡ ትችላላችሁ። ዋናው ነገር ቀድሞ መነገሩ ነው፤ ጠብ የሚነሳው ዕቃው ከጠፋ በኋላ ሕግ ሲወጣ ነው።

መጀመሪያ ምርጫ ስጡ፤ ሌላ ልላክ ወይስ ብሩን ልመልስ? ብዙ ሰው ሌላ ይላክልኝ ይላል። የበዓል ልብስ ከሆነና በዓሉ ካለፈ ግን ምርጫው የገዢው ብቻ ነው።

ብር የምትመልሱት በመጣበት መንገድ ብቻ ነው። በቴሌብር ከፍሎ ከሆነ ወደዚያው ቁጥር፣ በባንክ ከሆነ ወደዚያው ሒሳብ። «ወደ ወንድሜ ሒሳብ አድርጊልኝ» ከተባላችሁ አቁሙ። ነገ መጀመሪያ የከፈለው ባለ ሒሳብ መጥቶ «የእኔስ?» ሊል ይችላል። ቴሌብር ከ127 የሚልከውን መልእክት ከግብይት ቁጥሩ ጋር አስቀምጡ። ገንዘቡን ስትልኩም «ኅዳር 12 ለተላከው ነጠላ ሙሉ ተመላሽ» ብላችሁ ጻፉ፤ ገዢውም «ደርሶኛል» ብሎ ይመልስ። አንድ ቃል ጨምሩበት፦ «ዕቃው በኋላ ከደረሰ ይንገሩኝ»። ሁለት ጊዜ ተነግሮኛል። ሰው ጥሩ ነው።

8. ልባችሁ ካልረጋ

አታላይም አለ። ምልክቱ ቁጣ አይደለም፤ የተበደለ ሰውም ይቆጣል። እኔን የሚያጠራጥረኝ ጥያቄዎቹን የማይመልስ፣ ግን በየሰዓቱ «ብሬን» የሚል ሰው ነው። ወይም ባዶ ሣጥን ደረሰኝ የሚል። ለባዶ ሣጥን መልሱ ክብደት ነው። ደረሰኙ ላይ 1 ኪሎ 200 ግራም ካለ፣ ተቀባዩ አገር ሲደርስ ስንት እንደመዘነ በጥያቄው ላይ አስጠይቁ።

ንግግራችሁን ስክሪንሾት አድርጉ፤ ዛሬ ማታ። ቴሌግራም ላይ አንዱ ወገን መልእክቱን ከሁለቱም ስልክ ማጥፋት ይችላል። አንድ ገዢ «አድራሻውን አልሰጠሁሽም» ብሎኝ ወደ ላይ ስመለስ የጻፈው ሁሉ ባዶ ነበር። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መንገድ የተጻፈን ነገር በዚያ ምክንያት ብቻ ዋጋ አያሳጣውም። ግን መጀመሪያ መኖር አለበት።

ብቻ ለአንድ ነጠላ ፍርድ ቤት አትሂዱ። ከነገሩ ጦም እደሩ። እኔ እንዲህ ያለውን ገዢ ስሙን ደብተሬ ላይ አሰፍርና በሚቀጥለው ጊዜ በሰው እጅ ካልሆነ አልልክም እላለሁ።

ከመላካችሁ በፊት

ሁለት ነገር ብቻ። ጥቅሉን ከመዝጋታችሁ በፊት ዕቃውን ሚዛን ላይ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ። ከዚያ የተቀባዩንና የእናንተን ስምና ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ጋቢው እጥፋት ውስጥ አስገቡ፤ በአማርኛም በላቲንም። ባለፈው ክረምት አንድ ጥቅል ዝናብ መትቶት የውጭው ጽሑፍ ታጥቦ ነበር። የከፈቱት ሰዎች ውስጡ ያለውን ወረቀት አይተው ደወሉልኝ። «እቴ፣ ጋቢሽ እርጥብ ነው፣ ግን አለ» አሉኝ።